ሂትለርን ወደ ቀልድ ገጽ የላኩት ፊልሞች

«ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው» ስል ግማሻችሁ ወደ ሌላ ገጽ ለማለፍ ጣታችሁን እንደምታዘጋጁ አውቃለሁ። ቆይ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት በ1940ዎቹ ሆሊዉድ ውስጥ ስለተሠሩ የኮሜዲ ፊልሞች ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።) ሰማንያ ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ የሆናቸው ፊልሞች ናቸው። ቀለም የላቸውም፣ ፍንዳታ የላቸውም፣ ግን ያስቃሉ። እኔን የያዘኝ ደግሞ ማሳቃቸው ብቻ አይደለም። ምርጦቹ በማን ላይ እንደሚስቁ አስበውበታል።

ይሄ ለምን አሳሰበኝ? ስልካችንን እንየው። ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ካፌ ውስጥ፣ አልጋችን ላይ ሆነን በቀን ስንት ጊዜ እንስቃለን? ብዙ። በማን ላይ? አንድ ሳምንት ሙሉ የሚደርሱኝን አጫጭር ቪዲዮዎች ልብ ብዬ አየሁ። አማርኛ የተኮላተፈበት ሰው፣ ከገጠር መጥቶ አስፋልት መሻገር የፈራ ሽማግሌ፣ ሰክሮ የወደቀ ምስኪን፣ ስትጣላ ሳታውቅ የተቀረጸች ሴት። የሚበዙት እነዚህ ናቸው። ጉልበት ያለው ሰው የሚሳቅበት ቪዲዮ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሳቅ አላጣንም፤ የሚሳቅበት ግን ሁልጊዜ መልስ መስጠት የማይችለው ነው።

የ1940ዎቹ ሰዎች ቀላል ዘመን ላይ አልነበሩም። አሜሪካ ከረጅም የኢኮኖሚ ድቀት እያገገመች ነበር፤ አውሮፓ ደግሞ እየነደደች። እንዲህ ባለ ሰዓት ኮሜዲ የሚሠራ ሰው «አሁን ምን ያስቃል?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣበታል። መልሳቸውን በአራት አምስት ፊልሞች ላሳያችሁ።

አለቃውን የሚሸሸው ፒሮቪች

ለጀማሪ የሚቀለው «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» ነው፤ «ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ» እንደማለት። በ1940 የወጣ፣ ኤርንስት ሉቢች የተባለው የበርሊን ተወላጅ ያዘጋጀው ፊልም ነው። ታሪኩ ቡዳፔስት ውስጥ ነው። ጄምስ ስቱዋርትና ማርጋሬት ሱላቫን አንድ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነታረኩ ባልደረቦች ናቸው። ሁለቱም ግን በድብቅ አይተውት ለማያውቁት ሰው የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋሉ። እንደገመታችሁት የሚጻጻፉት እርስ በርስ ነው። በፕሮፋይል ፎቶ ብቻ ከሚያውቀው ሰው ጋር በቴሌግራም ሌሊቱን ሲያወራ ያደረ ሰው ይሄን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በ1998 ቶም ሃንክስና ሜግ ራያን ደብዳቤውን በኢሜይል ተክተው «ዩቭ ጎት ሜይል» ብለው እንደገና ሠርተውታል።

ፍቅሩ ደስ ይላል። እኔ ግን የምወደው ፒሮቪች የተባለውን ሠራተኛ ነው። የሱቁ ባለቤት «እውነተኛ አስተያየትህን ንገረኝ» ማለት ሲጀምር ፒሮቪች ከአካባቢው ብን ብሎ ይጠፋል። ባለቤቱ አፉን በከፈተ ቁጥር ይሮጣል። ሥራ ላይ ያላችሁ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ስብሰባ ላይ «በግልጽ ተናገሩ» ሲባል ሁሉም ወለሉን የሚያይበት ሰዓት ነው። ቀልዱ ፈሪ ነው ብሎ በፒሮቪች ላይ አይሳለቅም። ፒሮቪች ሚስትና ልጆች አሉት፤ ሥራ ከጠፋ ቤቱ ጦሙን ያድራል። የምንስቀው አንድ ሰው በሌላው እንጀራ ላይ ባለው ሥልጣን ነው።

ፒሮቪች ሆኖ የሠራው ፌሊክስ ብሬሳርት ይባላል። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ተዋናይ ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሰበር ዜና በደቂቃ

በዚያው በ1940 መጀመሪያ ሃዋርድ ሆክስ «ሂዝ ገርል ፍራይደይ»ን አወጣ። መነሻው ጋዜጠኞችን የሚተች የ1928 የቲያትር ድርሰት ነው። በቲያትሩ ዋናው ጋዜጠኛ ወንድ ነበር፤ ሆክስ ሴት አደረገው። ሮዛሊንድ ራስል ሂልዲ የተባለችውን ዘጋቢ፣ ኬሪ ግራንት ደግሞ የቀድሞ ባሏንና አለቃዋን፣ ዋና አዘጋጁን ሆነው ይሠራሉ። ሂልዲ ሥራውን ትታ አንድ ደግ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ልታገባ ነው። የቀድሞው ባል ደግሞ «አንድ የመጨረሻ ዜና ብቻ» እያለ ያስቀራታል።

ይሄን ፊልም ስታዩ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ሰዎቹ ተራ አይጠብቁም፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል፣ ሦስት ስልክ በአንድ ጊዜ ይነሳል። የዛሬ አጭር ቪዲዮ ቆራጮች የሚያፈጥኑትን ነገር ያኔ ተዋናዮቹ በምላሳቸው ነበር የሚያፈጥኑት።

ከፍጥነቱ ስር ግን አንድ ሰው አለ። አርል ዊልያምስ የተባለ፣ ፖሊስ ገድለሃል ተብሎ ሊሰቀል ቀጠሮ የተያዘለት ምስኪን። ከንቲባውና የፖሊስ አዛዡ ምርጫ ስለደረሰ ቶሎ እንዲሰቀል ይፈልጋሉ። ቅጣቱን የሚያስቆም ደብዳቤ ይዞ የመጣውን መልእክተኛ ሥራ እንሰጥሃለን ብለው ሊሸኙት ይሞክራሉ። ጋዜጠኞቹ ደግሞ ካርታ እየተጫወቱ፣ ያላዩትን እንዳዩ አድርገው በስልክ ወደየጋዜጣቸው ያስተላልፋሉ። አንዲት ለሰውዬው ያዘነች ሴት ፊታቸው በመስኮት እስክትዘል ድረስ ያፌዙባታል። በፊልሙ ውስጥ የምንስቅ የምንስቅ ይመስለንና ድንገት ጸጥ የምንልበት ቦታ እዚያ ነው።

ዋና አዘጋጁ ለአርል ዊልያምስ ዜና ቦታ ሲያጣ የአውሮፓን ጦርነት ከፊት ገጽ እንዲያነሱ፣ ሂትለርንም ወደ ቀልድ ገጽ እንዲወስዱት ያዝዛል። የዚህ ጽሑፍ ርእስ ከዚያ የመጣ ነው። ሲነገር አፌዝ ነበር። በዚያው ዓመት ግን አንድ ሰው እውነትም ሂትለርን ወስዶ የቀልድ ገጽ ላይ አስቀመጠው።

ሁለት የፀጉር አስተካካይ ወንበሮች

ቻርሊ ቻፕሊን ከሂትለር የሚበልጠው በአራት ቀን ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት ኤፕሪል 1889 ነው። ሁለቱም ያችው ትንሽ ጺም ነበረቻቸው። ቻፕሊን ይሄን አጋጣሚ አላሳለፈውም። «ዘ ግሬት ዲክታተር»ን በገዛ ገንዘቡ ሠራ፤ ድምፅ አልባ ፊልሞች ከለመደው ሰው ሙሉ በሙሉ ንግግር ያለው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። በአንድ ወገን አዴኖይድ ሂንክል የተባለውን አምባገነን፣ በሌላ ወገን ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል ምስኪን አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ይጫወታል።

የሂትለሩ ነገር በዓለም የታወቀ ነው፤ ሉሉን እንደ ፊኛ እያነጠረ ሲጨፍር የሚያሳየውን ክፍል ብዙዎቻችሁ ስሙን ሳታውቁ በአጭር ቪዲዮ አይታችሁታል። እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን ሁለተኛው አምባገነን ነው። ቤንዚኖ ናፓሎኒ ይባላል፤ «ባክቴሪያ» የምትባል አገር ገዥ ነው። ጃክ ኦኪ የሠራው ይሄ ሰው ያለጥርጥር ሙሶሊኒ ነው። አገጩ፣ ደረቱ፣ ጩኸቱ።

ናፓሎኒ ሂንክልን ሊጎበኝ ይመጣል። የሂንክል ሰዎች እንግዳው ራሱን ትንሽ አድርጎ እንዲያይ ዝቅ ያለ ወንበር ያዘጋጁለታል። ናፓሎኒ ግን ይነሳና ጠረጴዛው ላይ ጉብ ይላል። ቀጥሎ ሁለቱም የፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ወንበሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሌላው ያይና ይበልጣል። ያኛው እንደገና። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለት አገር የሚያንቀጠቅጡ ሰዎች፣ እንደ ሕፃን እየተፎካከሩ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ።

አሁን ቀኑን እዩልኝ። ፊልሙ ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦክቶበር 15 ቀን 1940 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 5 ቀን 1933 ዓ.ም.። ያን ቀን አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ነበረች። አርበኞች በዱር በገደሉ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሱዳን ሆነው ወደ አገር የሚገቡበትን ቀን ይጠብቁ ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው በ1933 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ማለትም ኒውዮርክ በሙሶሊኒ ወንበር እየሳቀች ሳለ የእኛ ሰዎች ከእውነተኛው ሙሶሊኒ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር።

ታዲያ የመርዝ ጋዝ ያዘነበብንን ሰው ጅል አድርጎ ማሳየት ነገሩን አያቃልለውም ወይ? ይሄ ጥያቄ ለእኔ ቀላል አይደለም። ቻፕሊን ራሱ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የናዚ ማጎሪያ ካምፖችን ትክክለኛ ሰቆቃ ያኔ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን መሥራት እንደማይችል ጽፏል። እንዲህ ያለውን የሠሪውን ቃል ወደ ጎን መተው አይቻልም።

ግን አንድ የራሳችን ታሪክ ደግሞ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከተማዋ በደም ታጠበች። በቀጣዮቹ ሳምንታት ፋሺስቶቹ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እየለቀሙ ገደሉ። አዝማሪዎችን! አውሮፕላንና መትረየስ ያለው ጦር ማሲንቆ የያዘን ሰው ፈራ። ለምን? የሙሶሊኒ አገዛዝ ግማሹ ጦር ከሆነ ግማሹ ትዕይንት ነበር፤ ሰገነት፣ ሰልፍ፣ የተነፋ ደረት። ትዕይንትን ደግሞ ጥይት አይገድለውም። አንድ ሰው ሲስቅበት ግን ይፈርሳል። ቻፕሊን ወንበሩን ከፍ ሲያደርግ የሠራው ይሄንኑ ነው። በተገደሉት ላይ አልሳቀም፤ የገዳዩን ግርማ ነው የገፈፈው።

«ሰው እየሞተ ምን ያስቃል?»

ሉቢችን አስታወሳችሁት? የሱቁን ፊልም የሠራው ሰው ነው። ናዚዎች ጀርመናዊ ዜግነቱን የገፈፉት አይሁዳዊ ነው። በ1942 «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» የሚል ፊልም አወጣ። ናዚ በወረራት ዋርሶ ውስጥ ያሉ የቲያትር ተዋናዮች የናዚ ልብስ ለብሰው፣ ትወናቸውን መሣሪያ አድርገው፣ አርበኞቹን የሚያስገድል ስም ዝርዝር ጠላት እጅ እንዳይገባ የሚታገሉበት ታሪክ ነው። ከመሞት ማምለጥ ነው፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስቃል። ዋናው ተዋናይ ጆሴፍ ቱራ ከጌስታፖ ጋር ሕይወቱን አስይዞ እየተጫወተ እንኳ «ስለ እኔ ትወና ሰምታችኋል?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ይሄን ፊልም ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አብረን አየነው። መሃል ላይ አስቆመው። «ሰው እየሞተ ምን ያስቃል?» አለኝ። «የሰሞኑን የእኛን ሐዘን አንድ ፈረንጅ ቀልድ ቢያደርገው ትስቅ ነበር?»

በ1942ም ብዙዎች ይሄንኑ ብለዋል። ጋዜጦች ሉቢችን ጨዋነት የጎደለው ብለው ወቀሱት። ያን ወቅት አሳዛኝ ያደረገው ሌላም ነገር ነበር። የፊልሙ ዋና ተዋናይት ካሮል ሎምባርድ ለጦርነቱ የሚሆን የመንግሥት ቦንድ ኢንዲያና ውስጥ ሸጣ ስትመለስ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1942፣ አውሮፕላኗ ኔቫዳ ውስጥ ተከሰከሰ። 33 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። አብሯት የተወነው ጃክ ቤኒ እንደተረከው ደግሞ የገዛ አባቱ ልጁን በናዚ ልብስ ሲያየው ተቆጥቶ ከሲኒማ ቤቱ ወጣ። ነገሩ ከተብራራለት በኋላ ግን ተመልሶ ደጋግሞ አየው።

ሉቢች በጋዜጣ መልስ ሰጠ። የሳቀው በናዚዎችና በሐሳባቸው፣ እንዲሁም በተዋናዮች ከንቱነት ላይ እንጂ በፖላንድ ሕዝብ ላይ እንዳልሆነ አስረዳ። እኔም ለጓደኛዬ የነገርኩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ማን ላይ እንደሚሳቅ እይ» አልኩት። ከዚያ ቀጥለን አየን።

ያን ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ብሬሳርት እዚህም አለ። ግሪንበርግ የተባለ፣ ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ላይ ጦር ይዞ ከመቆም ያላለፈ ትንሽ ተዋናይ ነው። ሕልሙ የሼክስፒርን ሻይሎክ አንድ ቀን መጫወት ነው። በመጨረሻ የሻይሎክን ንግግር የሚናገርበት ቀን ይመጣል፤ በመድረክ ላይ ግን አይደለም፣ መሣሪያ በታጠቁ የናዚ ወታደሮች ፊት ነው። አይሁዳዊም እንደማንኛውም ሰው ሲወጉት እንደሚደማ የሚናገረው ያ ንግግር ከጀርመን በተሰደደ አይሁዳዊ አፍ ሲወጣ፣ ፊልሙ ቀልዱን ሙሉ በሙሉ ያቆማል። ጓደኛዬም ዝም አለ። ጥያቄውን እንደማይረሳው አውቃለሁ፤ እኔም አልረሳሁትም። ግን ሉቢች መቼ መሳቅ፣ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንደነበር ሁለታችንም ተስማማን።

ሰሙ ለሳንሱር፣ ወርቁ ለተመልካች

እነዚህ ሰዎች እንዳሻቸው ይናገሩ የነበረ እንዳይመስላችሁ። የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች ራሳቸው በ1930 ያወጡት፣ ከ1934 ጀምሮ አጥብቀው ያስፈጸሙት የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ጽሑፉ ሳይቀረጽ ይመረመራል። ባልና ሚስት እንኳ በፊልም ላይ በአብዛኛው በየአልጋቸው ነበር የሚተኙት።

ቅኔ ለሚያውቅ አገር ሰው ከዚህ በኋላ የሆነው ግልጽ ነው፤ ሰምና ወርቅ። ሉቢች በር ይዘጋና ካሜራውን በሩ ላይ ይተወዋል፤ ቀሪውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ። ፕሬስተን ስተርጅስ የተባለው ደራሲና አዘጋጅ ደግሞ በ1944 «ዘ ሚራክል ኦቭ ሞርጋንስ ክሪክ» ላይ፣ ወታደሮች ሲሸኙ በተደረገ ጭፈራ ማግስት የባሏን ስም እንኳ በትክክል ማስታወስ የማትችል እርጉዝ ልጅ ታሪክ ሳንሱሩን አሳልፎ አወጣ። ሰሙን ያየ «አግብታለች» ይላል፤ ወርቁን ያየ ነገሩን ይረዳል። ልጅቷ በመጨረሻ ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ትገላገላለች፤ ሂትለርም ተበሳጭቶ ልጆቹ እንደገና ይቆጠሩልኝ ይላል። አሁንም ቀልድ ገጽ ላይ ነው ሰውዬው።

የሳቱበት ቦታ

ካልነገርኳችሁ ግን ሐቁን ሸሸግኩ ማለት ነው፤ ያው ሆሊዉድ በጥቁር ሰዎች ላይ ያለ ኀፍረት ይስቅ ነበር። ቦብ ሆፕና ቢንግ ክሮስቢ በ1941 «ሮድ ቱ ዛንዚባር»ን ሲሠሩ አፍሪካውያን ሰው በላዎች ሆነው ነው የቀረቡት። ሂትለርን ያሳነሰው ያው ፋብሪካ እኛንም አሳንሶናል። ያን ፊልም ሳየው አንድም ቦታ አልሳቅኩም።

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን የምታዩት ግን የስተርጅስ «ሱሊቫንስ ትራቭልስ» ውስጥ ነው፤ የ1941 ፊልም ነው። ሱሊቫን ቀልድ ፊልም እየሠራ የከበረ አዘጋጅ ነው። ኮሜዲ ሰለቸው፤ ስለ ድህነት ቁም ነገር ያለው ፊልም መሥራት አማረው። የተቀደደ ልብስ ለብሶ ድሃ ሊሆን ይወጣል። አሽከሩ ግን ድሆች ድህነትን ከበቂ በላይ ያውቁታል፣ የሚናፍቁት ሀብታሞች ብቻ ናቸው ብሎ ይመክረዋል። ይቺ ምክር ድሃ ቤት ገብቶ እያስለቀሰ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሁሉ ትድረስ።

ፊልሙ ሲጀምር በመኪና ሩጫ መሃል አንድ ጥቁር ምግብ አብሳይ ከወዲያ ወዲህ እየተወረወረ ፊቱ በሊጥ ይለወሳል፤ ሳቅ ተብሎ የገባ ነው፣ ርካሽ ነው። ወደ መጨረሻው ግን ሱሊቫን በስህተት እስረኛ ሆኖ፣ በሰንሰለት ከታሰሩ ሰዎች ጋር ወደ አንዲት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል። ሰባኪው ምእመናኑን እንግዶቻችንን ዝቅ አድርጋችሁ እንዳታዩ ብሎ ያሳስባል። አብረው የካርቱን ፊልም ያያሉ፤ እስረኛውም ምእመኑም በአንድ ውሻ አብሮ ይስቃል። በዚያ ቦታ ክብር ሰጪው ጥቁሩ ሰባኪ ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች መብት ማኅበር መሪ የነበረው ዋልተር ኋይት ለዚህ ክፍል ስተርጅስን በደብዳቤ አመስግኖታል። አንድ ሰው፣ አንድ ፊልም፣ ሁለት ዓይነት ሳቅ። ስለዚህ «እሱ ጥሩ ቀልደኛ ነው፣ እሱ መጥፎ ነው» ብሎ መጨረስ አይቻልም። እያንዳንዱ ቀልድ ለብቻው ይመዘናል።

ከየት ልጀምር ካላችሁ

«ሂዝ ገርል ፍራይደይ» የቅጂ መብቱ በጊዜው ስላልታደሰ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። 92 ደቂቃ ነው። የግርጌ ጽሑፉን ክፈቱት፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ ከኬሪ ግራንት ምላስ ጋር መሮጥ አይችልም። ፍቅር የምትወዱ በሱቁ፣ ፖለቲካ የምትወዱ በዋርሶው ጀምሩ። «ሱሊቫንስ ትራቭልስ»ን ግን ለመጨረሻ አስቀምጡት፤ ቀልድ ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የሌሎቹን ቀልድ ለቀመሰ ሰው ነው።

ዳታችሁ ለሙሉ ፊልም ካልበቃ ደግሞ የናፓሎኒንና የሂንክልን የወንበር ፉክክር ብቻ ፈልጉ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የጣልያንን ዘመን የሚያስታውሱ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ አዛውንት ካሉ ስልኩን አቀብሏቸው። እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም፣ መተርጎምም አያሻም። ያ ባለ ትልቅ አገጭ ሰው ማን እንደሆነ እሳቸው ይነግሯችኋል።